ለእህቴ መልስ ይዤ ወደ አምባሰል

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደሴ

መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ጣሪያው ላይ የፕላስቲክ ወንበርና የሽንኩርት ጆንያ ጭኖ ሞተሩን ያሞቃል። ሾፌሩ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ሐይቅ፣ ከሰዓት ደግሞ ውጫሌ አልኩት።

የምሄደው ታላቅ እህቴን ወርቅነሽን ለመጠየቅ ነው። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ትንሽ ወጣ ብላ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከአልጋ አልነሳ ብላ ከረመች። ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች፤ ስልክም አታነሳም። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ አባ ኃይለ ገብርኤል ቤቷ ድረስ መጥተው አንድ ሥርዓት ሰጧት። ጠዋት ተነሥታ እንድትጸልይ፣ ከጸሎት በኋላ ከቤት ወጥታ ለአንድ ሰው የሚጠቅም ሥራ እንድትሠራ። እሷም ጎረቤቷ ወደሆኑት፣ ዓይናቸው ወደ ጠፋው ወደ እማማ ዘሀራ ቤት መሄድ ጀመረች። የራሷን ጸሎት አድርሳ እሳቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን ውሃ ታቀርባለች፤ ቤታቸውን ትጠርጋለች፤ እጃቸውን ይዛ ፀሐይ ላይ ታወጣቸዋለች። እንዲህ እያለች ቀስ በቀስ ሰው ሆነች።

ባለፈው ሰሞን ግን ደወለችልኝ። የእማማ ዘሀራ ልጅ ሰይድ እናቱን ወደ ኮምቦልቻ ሊወስዳቸው ነው። ድምጿ እንደዚያ እንደ ክፉው ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር። አባ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መንነው ገብተዋል። በሳቸው በኩል እለፍና ከእንግዲህ ምን ላድርግ ትላለች በልልኝ አለችኝ።

ረፋድ ላይ፤ ሐይቅ

ከተማዋ ነቅታለች። ከምግብ ቤቶቹ ደጅ ዓሣ ይጠበሳል፤ ባጃጆች መንገዱን ሞልተውታል። አንዱን ተሳፍሬ ወደ ውሃው ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ተያያዝኩት። በግራም በቀኝም ውሃ ነው፤ ሸምበቆው መሃል ነጫጭ ወፎች ቆመዋል። ወደ ገዳሙ ስቃረብ የአብነት ተማሪዎች ድምፅ ከዛፎቹ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር።

አባን ያገኘኋቸው የፈረሰ የድንጋይ ካብ ሲጠግኑ ነው። መስቀላቸውን ተሳልሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ እህቴ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ተመልሳ እንዳትተኛ እንደምፈራም አልደበቅኋቸውም። ድንጋዩን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ከቤት ትውጣ አልኩ እንጂ ወደ ዘሀራ ቤት ትሂድ አላልኩም» አሉኝ። «አሁንም ጸሎቷን ታድርስ፣ ነጠላዋን ትልበስ፣ ትውጣ። ወዴት እንደምትሄድ ሳላውቅ አልወጣም አትበል።»

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጠበል ወይም ረዘም ያለ ጸሎት የሚያዙላት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ባርከውኝ ወደ ካቡ ተመለሱ።

ከሰዓት፤ ውጫሌ

ከሐይቅ የተሳፈርኩበት መኪና ጢም ብሎ ሞልቷል። በመስኮቱ በኩል ማሽላው አንገቱን ደፍቶ ይታያል፤ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ከበላዩ የአምባሰል ገደል ተገትሯል። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ስለ ዘንድሮው እህል ሲያጫውቱኝ እኔ በልቤ የአባን መልስ እመዝናለሁ። ባሏን ላጣች፣ አሁን ደግሞ መጽናኛዋን ለምታጣ ሴት ይህች መልስ ብቻ ትበቃለች? ውጫሌ ወርጄ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ሰፈሯ ስደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

እህቴ አንገቴን አቅፋ ለረዥም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ከስታለች። ሰይድ ደርሷል፤ ጉዞው ነገ ነው። የአባን መልስ ስነግራት እግርህን ልጠብህ ብላ ተነሣች።

ሐሙስ ጠዋት

እማማ ዘሀራ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እህቴ እንደ ወትሮው ጸልያ፣ ውሃቸውን አቅርባ፣ ሻሻቸውን አስተካክላላቸዋለች። ሰይድ ዕቃ ያስራል። ደግ ሰው ነው፤ እህቴን ማመስገን እያፈረ መሬት መሬቱን እያየ ያወራታል። ይኼኔ አሮጊቷ ጠሩት።

«ሰይዴ፣ ይችን ልጅ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ በግድግዳው እሰማት ነበር» አሉት። «መጀመሪያ በሬን ያንኳኳች ለት ጀሪካኔ ሙሉ ነው። የወንድሜ ልጅ ቀድታልኝ ነበር። ድምጿን ስሰማ፣ ከአልጋዋ ተነሣች ማለት ነው አልኩ። የወንድሜን ልጅ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ አልኳት።»

እህቴ እንዳጎነበሰች ቀረች። ስትረዳቸው የኖረች መስሏት ነበር፤ ለካ እሳቸውም በየማለዳው በራቸውን የሚከፍቱት ለሷ ብለው ነው። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እማማ ዘሀራ በዳሰሳ ራሷን አገኙና እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉላት። እሷም አሜን አለች። መኪናው ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ሸኘናቸው።

ዓርብ ጠዋት

ሳይነጋ ስትነሣ ሰማኋት። ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ ቆየች። ጨርሳ ነጠላዋን ለበሰችና በሩን ከፍታ መድረኩ ላይ ቆመች። የእማማ ዘሀራ በር ተቆልፏል። ተመልሳ ትተኛለች ብዬ ሰጋሁ። እሷ ግን ወደ ቦኖው በሚወስደው መንገድ ወጣች።

የተመለሰችው ቁርስ ካለፈ በኋላ፣ እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ነው። ቦኖው ጋ አንዲት በቅርብ የወለደች ሴት ጀሪካን አንሥታ ስትንገዳገድ አግኝታለች። ቀምታት ቤቷ ድረስ ተሸክማላት ሄደች። ሴትዮዋ የመጣችው ከሩቅ አገር ነው፤ የሚያርሳት ዘመድ የላትም፤ ባሏ ለቀን ሥራ ወጥቷል። እህቴ ሕፃኑን አጥባ፣ አጥሚት ሠርታ ነው የመጣችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቆማ፣ ገብስ በሳህን እየሰፈረች ነው።

«መኪናህ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ከሰዓት መሆኑን ነገርኳት። አሰበችና፣ አትቀየመኝ፣ መንገድ ድረስ መምጣቱ አይመቸኝም፣ አራስ ጥዬ ነው የመጣሁት አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ለአባ ሰላምታ እንዳደርስ አዘዘችኝ፤ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች።

ወደ ውጫሌ የወረድኩት ብቻዬን ነው። የሸኘኝ ሰው የለም። ደስ ብሎኝ ተሳፈርኩ።