እህቴ ለልጅ የጾመችው ጾም

የሻወሩ እንፋሎት መስኮቱን ሲሸፍነው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ጠበል ትዝ ይለኛል። የሞቀ ውሃና የረጠበ ጭቃ ሽታ፣ የጠበልተኛው ማጉረምረም፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ታላቅ እህቴ፦ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አስራ፣ የትከሻዋ አጥንት ገጥጦ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ።

ከአረብ አገር ተመልሳ ጉና ተራራ ሥር ላለ ገበሬ ተድራ ነበር። በሰው ቤት ትራፊ እየበላች፣ እንቅልፍ አጥታ ከስታ ነው የመጣችው፤ የወር አበባዋም እዚያው ቀርቷል። አማቷ ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን ልጅ ሳይታይ ሁለት ዓመት ሲያልፍ "እስኪ እስከ ፋሲካ እንያት" ማለታቸውን ሰማን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

እህቴ ታዲያ ተሳለች። አምላክ ልጅ እስኪሰጣት ድረስ በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም ቆሎና ውሃ ልትቀምስ።

እኔ ያኔ ደብረ ታቦር ተማሪ ነበርኩ፤ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ አስረዳችን። እንቁላሉ እየበሰለ ሲሄድ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑ በደም አንጎል ይደርሳል፤ በደንብ ሲበዛ አንጎል በተራው እንቁላሉን የሚያስለቅቅ ሌላ ሆርሞን ይልካል። ሰውነት ሲራብ ግን አንጎል ዝም ይላል፤ ይህች ለራሷም አልበቃች ብሎ።

"ማህፀንሽ ደህና ነው" አለቻት። "ብዪ ብቻ።"

እህቴ መሬት መሬት እያየች፣ "አፌን ለአምላክ ሰጥቼ እንዴት መልሼ እወስዳለሁ?" አለች።

የንስሐ አባቷ ከስለቱ እኔ እፈታሻለሁ ቢሏትም እንቢ አለች። ምን ልበል፣ ግትርነቷ ዛሬም ያናድደኛል። ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች አባታችን ቤት መልሰው አስረከቧት። ጾሙም በዚያው ቀረ፤ ለማን ብላ ትጹም? እናታችን ገንፎውን በቅቤ፣ ወተቱን በጣሳ እያለች አበላቻት። ጉንጯ ሞላ፣ ፀጉሯ መነቃቀሉን ተወ።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ ጠራችኝ። ቀሚሷን ዘርግታ ደሙን አሳየችኝ።

"መጣ" አለች።

የቀድሞ ባሏ በዚያው ሳምንት ሌላ ማግባቱን ሁለታችንም ሰምተናል። ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች። እኔም የቀሚሱን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬያት ጨመቅኩ።