የአማቹ ድራፍት

ቀማሹ ይሉታል፤ ሥራው ግን ማጠብ ነው። ድራፍት ከበርሜሉ ተነስቶ ባንኮው ላይ እስካለው መቅጃ ድረስ የሚያልፍበትን ቀጭን ቧንቧ በኬሚካል ያጥባል፣ በንጹሕ ውኃ ያለቀልቃል፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው መጠጥ ቤት ይሄዳል። ሃያ አንድ ዓመት ይህንኑ ሠርቷል። ቅጽል ስሙ የወጣለት አንድ ቀን ከሰው ፊት ጃምቦ ተቀብሎ አንዴ ጎንጨት ካለ በኋላ፣ "ይሄ ቧንቧ ከታጠበ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው" ብሎ ቀኑን እቅጩን በመናገሩ ነው። ከዚያ ወዲህ በምላሱ እንደኮራ አለ። ልጅ ሲወልድ እንኳ እንደዚያ አልኮራም።

አንድ አርብ ከምሳ በፊት አለቃው ቢሮ አስጠራው።

"ከሰኞ ጀምሮ አጣቢዎቹን ሁሉ የሚቆጣጠር አንድ ሰው ልሾም ነው" አለው። "ወይ አንተ ነህ፣ ወይ አማችህ። ዛሬ ከሰዓት እሱ የሚያጥብባቸው ቤቶች ሂድና ድራፍቱን ቅመስ። እንከን ካገኘህበት ቦታው ያንተ ነው። ካጣህበት የእሱ ነው። ቀምሰህ ደውልልኝ፤ እኔ ያንተን ምላስ አምናለሁ።"

ሰውን በተቀናቃኙ ላይ ዳኛ የሚያደርግ አለቃ ደግ ይሁን ሰነፍ እግዜር ይወቅ። ቀማሹ ግን ፈገግታውን እንደ ምንም ዋጥ አድርጎ ወጣ።

አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራ አጥቶ እነሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲውል፣ እጁን ይዞ አውጥቶ ባልዲ ያስጨበጠው፣ ኬሚካሉ ቧንቧው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መቆየት እንዳለበት ያስተማረው ራሱ ቀማሹ ነው። ያኔ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያለ እግር በእግር ይከተለው ነበር። አሁንም ጋሼ ማለቱን አልተወም፤ ይሄም ያበሽቀዋል። ሚስቱ ደግሞ ወንድሟን ሳታነሳ እራት አታቀርብም። "እጁ ይባረክ፣ የሄደበት ሁሉ ይወዱታል" ትላለች። የባሏን እጅ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም ባርኮት አያውቅም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ቢያወጣለትም ያው ቅናት ነው።

ለቅምሻው ተሰናድቶ ነው የሄደው። ምሳውን ቅመም የሌለበት በላ፣ እጁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠበ፣ በየመካከሉ ምላሱን የሚያጠራበት ደረቅ ዳቦ ኪሱ ከተተ። በአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ወረደና ሰፈሩን ከላይ ወደ ታች ተያያዘው።

የመጀመሪያው ቤት ገና መከፈቱ ነበር፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ናቸው። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ብርጭቆ ቧንቧው ውስጥ ያደረ ቢራ ነው፤ ቧንቧው ከቆሸሸ እዚያ ላይ መደበቂያ የለውም። ጃምቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። አሸተተው። ጎንጨት ብሎ አፉ ውስጥ አንሸራሸረው። ምንም የለም። እንደገና ጎነጨ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጎነጭ አስተናጋጇ ትክ ብላ አየችውና "ችግር አለው እንዴ?" አለችው።

"እሱን ነው የምፈልገው" አላት፤ ልጅቷ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም።

ሁለተኛው ቤት ጓሮው ውስጥ ዛፍ ስር የፕላስቲክ ወንበር የሚደረደርበት ነው። ባለቤቲቱ ጉልበታቸውን እያሻሹ ራሳቸው ቀዱለት። ንጹሕ ቢራ ነው፤ አረፋው በእያንዳንዱ ጉንጭ ልክ ብርጭቆው ላይ ቀለበት እየሠራ ወረደ። ቆሻሻ ብርጭቆና ቆሻሻ ቧንቧ እንዲህ ያለ ቀለበት አይሠሩም። ቀለበቶቹን እየቆጠረ እርር አለ።

"የኛ ልጅ ዘመድህ አይደል?" አሉት ሴትዮዋ። "አቤት ጨዋነት! አጥቦ ሲጨርስ ቁጭ ብሎ አንድ ጃምቦ ሳይቀምስ አይነሳም። 'እማማ፣ እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አልሰጥም' ይለኛል።"

"የነጻ ቢራ የማይወድ ማን አለ" አለ ቀማሹ።

"ኧረ ከፍሎ ነው የሚጠጣው!" ሴትዮዋ ተቆጡ።

ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ሆዱ በቢራም በንዴትም ተነፍቷል። ሁለት ጉንጭ ቀምሶ መተው ነበር ደንቡ፤ እሱ ግን ጥፋቱ ታች ተደብቆ እንደሆነ ብሎ ሁለቱንም ጃምቦ እስከ ቂጡ ጨልጦታል። መንገድ ለመንገድ ሲሄድ አማቹ ሰኞ ጠዋት ከአለቃው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ታየው። ቤት ገብቶ ሚስቱ እልል ስትል ተሰማው። "ሶፋዬ ላይ ነበር እኮ የተኛኸው" አለ ጮክ ብሎ፤ መንገደኛ ዞር ብሎ አየው።

ሦስተኛው ቤት ጋራዥ አጠገብ ነው፤ እጃቸው በግሪስ የጠቆረ መካኒኮች ባንኮውን ተደግፈው ይስቃሉ። ቀማሹ ቀመሰ። እዚህ ደግሞ ጭራሽ ይጥማል። ዳቦውን ገምጦ ደግሞ ቀመሰ፤ ባሰበት። ያን ጊዜ ነው ውሸት ሹክ ያለው። "ኮምጥጧል ብልስ? የእኔን ምላስ ማን ይጠራጠራል?" ውሸቱን ለመሞከር ያህል አጠገቡ ወዳለው መካኒክ ዞረ።

"አይኮመጥጥም ይሄ ነገር?"

መካኒኩ ከገዛ ብርጭቆው ጠጣና አፉን ጠረገ። "ምን ነካህ ወንድሜ! ከዚህ የተሻለ ካወቅህ ንገረንና አብረን እንሂድ።"

ይህች ነገር ልቡ ውስጥ ተሰነቀረች። ከዚህ የተሻለማ አለ! ከዋናው መንገድ በታች ያሉትን ቤቶች የሚያጥበው ራሱ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ደረጃው ስር ያለችው ጠባብ ቤት ዓይኑ ናት። የእኔ ከእሱ ከበለጠ መዋሸት አያስፈልገኝም፣ እውነቱን ተናግሬ ቦታዬን እወስዳለሁ አለና በመኪና ከመገጨት ለጥቂት ተርፎ መንገዱን ተሻገረ።

የደረጃ ስሯ ቤት ባሬስታ ሲገባ ሲያየው ደንገጥ አለ። "ጋሼ! ዛሬ ቀንዎ አይደለም እኮ።"

"ለመጠጣት ነው የመጣሁት። ቅዳ።"

ቀመሰ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ከጉሮሮ ወርዶ እንኳ ምሬቱ በልክ ይቆያል። ከሦስቱም ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ምላስ አያስፈልግም። ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ደወለ።

"ቀመስኩ" አለ አፉን ሞልቶ። "የእሱ ክፉ አይደለም፣ አልዋሽም። ግን አሁን የምጠጣው እኔ የማጥበው፣ የደረጃ ስሩ ቤት ድራፍት፣ ሦስቱንም ያስንቃል። በምላሴ እምላለሁ!"

"እርግጠኛ ነህ?" አለ አለቃው። "ቆይ ብዕር ላምጣ።"

ባሬስታው ፎጣውን ጥሎ ባንኮው ላይ ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ይህንን ለአለቃ አይንገሩ" አለው በሹክሹክታ። "ይሄ ቧንቧ ማክሰኞ የታጠበ ነው። አማችዎ ነው ያጠበው።"

ቀማሹ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። "እኔ እኮ ሰኞ አጥቤዋለሁ።"

"አጥበዋል። ግን ኬሚካሉን አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያቆዩ አለቅልቀው ይሄዳሉ፤ ቀምሰውትም አያውቁም። ደንበኛ ጃምቦ እየመለሰ ሲያስቸግረኝ ለአለቃ ልደውል ስል እሱ ደረሰና ለመነኝ። 'የጋሼን ስም አታንሳ፣ እኔ እመለስበታለሁ' አለኝ። አራት ወር ሆነው። የታችኞቹን ቤቶች በሙሉ እርስዎን ተከትሎ ያጥባል።"

ቀማሹ ወገቡን ካመመው ወዲህ ግማሽ ሰዓት መቆም እንደተወ ያውቃል። መቅመስ የተወበትን ቀን ግን ሊያስታውስ አልቻለም። የራሱን እጅ ማን ይቀምሳል? ዛሬ ሲቀምስ የዋለው የሰው ነው። አማቹ ሄዶ ቢያሳብቅበት ኖሮ እንዴት ደስ ብሎት ይጠላው ነበር! ልጁ እሱን እንኳ ነፈገው። አራት ወር ሙሉ እነሱ ቤት እራት እየበላ፣ "ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?" እያለ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጥሩነቱ አንገበገበው።

"ሃሎ? አለህ?" ይላል ስልኩ። "ብዕር ይዣለሁ። እንግዲህ ያንተ ይበልጣል ብዬ ልጻፍ?"

ባሬስታው ፎጣውን አንስቶ የደረቀ ብርጭቆ ይወለውላል። ቢራው ላይ አረፋው አልጠፋም፤ ክፉ ነገር ቢፈልግበትም የለም።

"ይሄንንም ያጠበው እሱ ነው" አለ ቀማሹ።

"ማን?"

"አማቼ ነዋ! የእኔንም የሚያጥበው እሱ ነው። ሰኞ እሱን ሹመው።"

"እንዴ! እንዴት ያለ ልጅ ቢሆን ነው..." ብሎ ጀመረ አለቃው። ቀማሹ ያንን ልጅ ሲያመሰግኑት ዳግመኛ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውምና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።