ሲንቄ የቆመበት ማማ

ሶረቲ ጀቤሳን የማያውቅ ግንበኛ አዳማ ውስጥ ካለ፣ ገና ሥራ ያልጀመረ መሆን አለበት። ድምፅዋ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲወርድ ሲሚንቶ የተሸከመው ሁሉ ቀጥ ይላል። ቤት ትነድፋለች፣ መጋዘን ትነድፋለች፣ የዘመድ አጥር ሳይቀር ትነድፋለች። ተሳስተሻል የሚላት ደፋር ግን እምብዛም አልተገኘም። ሐቁን እንናገር ካልን፣ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም።

የተወለደችው አዳሚ ቱሉ አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር ነው። አባቷ ማሽላ የዘሩ ጊዜ ከማሳው መሀል ማማ ይሠሩና ወንጭፍ አስይዘው ያወጧት ነበር፤ ግሪሳ እንድታባርር። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ጥብቅ ስፍራ የወፍ መመልከቻ ማማ የሚነድፍ ሰው ሲፈልግ፣ ሶረቲ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ስንቱን ወፍ በድንጋይ አባርሬ! እሰይ፣ ካሳ ይሁናቸው» አለች።

የስፍራው ኃላፊ አቶ ብዙነህ ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ኮንክሪት፣ ከላይ መስታወት፣ «ዘመናዊ» ነገር። ሶረቲ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በየመንገዱ ዳር ተነቅለው የተጋደሙትን አሮጌ የእንጨት የመብራት ፖሎች ሰብስባ በእነሱ ነደፈች። ምስጥ እንዳይደርስባቸው እያንዳንዱ እግር ጥቁር ድንጋይ ላይ ይቆማል። ሚስማር የለም፣ ሁሉም በብሎን ይታሰራል፤ ያረጀው ተፈትቶ ሌላው ይገባል። አንድም ግራር አይቆረጥም። አቶ ብዙነህ ክረምቱን ሙሉ ሲያንገራግሩ ከርመው በመጨረሻ እጅ ሰጡ።

ቦታውንም ራሷ መረጠች። ጠዋት ጠዋት ከአቶ ብዙነህና ከጥበቃዎቹ ጋር የሐይቁን ዳር እየዞረች፣ ወፍ እንደ ገበያ የሚተራመስባትን አንዲት ሸምበቆ የከበባት ጥግ አገኘች። ፔሊካኑ፣ ዳክዬው፣ አባ ኮዳው፣ ሁሉም እዚያ ነው። «ማማዬ እዚህ ይቆማል» አለች፤ አለቀ።

ቁፋሮው በተጀመረ ዕለት ግን ሴቶች መጡ። ከፊት የመንደሩ ትልቅ ሴት አዴ ዙለይካ፣ ከኋላቸው ልጃቸው አማል፣ ከዚያ የሰፈሩ ሴት በሙሉ። ሲንቄያቸውን ከጉድጓዱ ፊት በተርታ ተክለው ቆሙ። ሲንቄ፣ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። በትር ናት ብሎ የናቃት ግን ወዮለት! ሴቶች ሲንቄ ካቆሙ በዚያ የሚያልፍ ወንድ የለም። ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ጥለው ጥላ ስር ገቡ።

«ፖሊስ ልጥራ?» አሉ አቶ ብዙነህ።

«ፖሊሱስ እናት የለውም እንዴ?» አለች ሶረቲና ወደ ሴቶቹ ሄደች። «አዴ ዙለይካ፣ አካም ጅርቱ? ዛፍ አልቆረጥኩ፣ የሰው መሬት አልነካሁ። ምን በደልኳችሁ?»

«ፈያ፣ ደህና ነን ልጄ። እዚያ ላይ የሚወጣው ሰው ምን ሊያይ ነው?»

«ወፍ።»

«እኛንስ?» አሉ አዴ ዙለይካ። «ያቺ ጥግ የሴት መታጠቢያ ናት። ከቀትር በኋላ ወንድ አይደርስባትም፤ ዓሣ አጥማጁ እንኳ ታንኳውን አዙሮ ይሄዳል፣ መረብም ከቶ አይጥልባትም። እናንተ በጠዋት ወንድ አስከትላችሁ ስትዞሩ፣ እኛ ቤታችን ነበርን።»

ሶረቲ ፊቷ ጋለ። እሷ፣ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ከእናቷ ጋር እንዲህ ያለ ጥግ ስትንቦጫረቅ ያደገች! በገዛ እጇ የእናቶቿን ገላ ለአገር ጎብኚ ልታሰጣ ነበር። አፈረች፣ ከልቧ አፈረች። ከዚያ ሌላ ነገር መጣላት፤ ወፎቹስ ለምን እዚያ በዙ? መረብ ስለማይጣል፣ ወንድ ስለማይደርስ። ማማው ቢቆም ሴቶቹ ይሸሻሉ፣ ሴቶቹ ቢሸሹ መረቡ ይገባል፣ ወፉም ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

«አቶ ብዙነህ፣ ማማው ወደ ኋላ፣ ወደ ግራሮቹ ይሄዳል» አለች ተመልሳ። «በጥጓ በኩልም ግድግዳ ይኖረዋል።»

«እንዲያ ከሆነማ የኔ ኮንክሪት እዚሁ ይሠራ! ያንቺ ወፍ ካላሳየ ምን ሊረባ?»

ያን ሁሉ የለፋችበት ሥራ ባንድ ቃል ሊቀር ነው። ግን ሶረቲ ናት። «የእርስዎም ኮንክሪት ሲንቄውን አይሻገርም» አለች። እሳቸውም ሴቶቹን አዩ፣ በትሮቹን አዩ፣ «ይሁን እንግዲህ» አሉ።

ማማው ግራሮቹ መሀል ቆመ። የግድግዳውን ልክ ግን ሶረቲ በወረቀት አልነደፈችውም። ሴቶቹ ሸምበቆውን እየጎነጎኑ ሲያቀብሉ፣ አዴ ዙለይካ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መሰላሉን ወጡ። አማል ጥጓ ላይ ቆማ ቀይ ሻሿን ታውለበልባለች።

«አያታለሁ!» ይላሉ ከላይ። ግድግዳው ከፍ ይላል።

«አሁንስ?» ትላለች ሶረቲ።

«ሻሿ አለ! ጨምሩ እንጂ፣ ሸምበቆ ሰሰታችሁ?»

ደግሞ ከፍ አለ። «አሁን ሰማይ ብቻ» አሉና ወረዱ። እስከዚያ ተተክሎ የቆየውን ሲንቄያቸውንም መጀመሪያ እሳቸው ነቀሉ፤ ሌሎቹ ተከተሉ።

ማማው በተመረቀ ዕለት እንግዶች መነጽራቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በክፍቱ በኩል ወፍ አልጠፋም፤ ተደሰቱ። አቶ ብዙነህ ግን ሶረቲን ጠጋ አሏትና «ከግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትከፍቺ ምናለበት? ምርጦቹ ወፎች እኮ ከዚያ ወዲያ ናቸው» አሏት።

«እዚያ ያሉት ማንም ስለማያያቸው ነው» አለች።

ይህን ስትል አዴ ዙለይካ ከታች ጠሯት። «ሶረቲ! ውሃው ሞቋል፤ ነይ ልጄ!»

ወረደች። ከሴቶቹ ጋር እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገባች። አንድ ፔሊካን ደንታም ሳይሰጠው በአጠገቧ ቀዝፎ ሲያልፍ፣ እጇን ብትዘረጋ ክንፉን ትነካው ነበር። ሶረቲ እንደ ልጅ ሳቀች።

አቶ ብዙነህ ማማው ላይ ሆነው ሳቋን ሰሙ። ወደዚያ ዞሩ፤ ያዩት ግን ሸምበቆ ነው።