በልጄ ድንኳን የተዘለለው ሰው

በልጄ ለቅሶ ላይ አጽናኞች ባሏን እየዘለሉት አለፉ። ይህ በደል ነው። ሌላው ረስቶት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም፣ ተጽፎ እንዲቀመጥም እፈልጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ለዚህ ያህል ይበቃኛል።

ልጄ ነጋዴ ነበረች። ከሞያሌ ጨርቅና ጫማ እያመጣች ነገሌ ገበያ ትሸጥ ነበር። ባሏ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን ለሥራ የመጡ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እሱ ግን ፈጣሪ አለ ብሎ አያምንም። ለማንም አይሰብክም፣ ሲጠይቁት ግን አይዋሽም። ሊያገባት ሲል ተጣልቼው ነበር። በኋላ እሷ ቅዳሴ ስትሄድ ልጆቹን ይዞ የሚቀመጠው እሱ መሆኑን አይቼ አፌን ያዝኩ።

ከሞያሌ የምትመለስ ቀን የምትሳፈርበት አይሱዙ መኪና የሚቆምበት ቦታ ወጥቶ ይጠብቃታል። አንድ ቀን መኪናው ሳይመጣ ቀረ። መንገድ ላይ ተገልብጦ ነበር።

ቀብሯ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እሱ አልተቃወመም፤ እንደ እምነቷ ይሁን አለ። አስከሬኗን ተሸክሞ እስከ በሩ አደረሰ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅም ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ድንኳን ስንገባ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ቀድመው የመጡት የእድሩ ዳኛ ነበሩ። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አሉን። እኔ “አሜን” አልኩ። እሱ “አመሰግናለሁ” አለ። ዳኛው የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ለእኔ ጎንበስ ይልና እሱን ዘሎ ከወዲያ ወዳለው ወንድሟ ይሻገራል። ከኋላዬ አንዷ፣ “እንባ እንኳ የለውም፤ እግዜርን የማይፈራ ለሚስቱ ያለቅሳል?” ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ አየኋት። ተነሥታ ቦታ ቀየረች።

ድንኳኑ እስኪነሣ አጠገቡ የተቀመጡት አንድ ከአሬሮ ወረዳ የመጡ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ፍየል ነጋዴ ናቸው፤ ከልጄ ጋር በአንድ አይሱዙ ይመላለሱ ነበር። “ናጋ”፣ ሰላም ነው ብለውት ተቀመጡና ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብቱ መክሳት በኦሮምኛ አወሩት። በዚያ ሳምንት ረዘም አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ለእሳቸው ሲመልስ ነው።

እኔ የቆምኩት በጸሎት ነው፤ አልክድም። ጠዋት ስነሣ “አንተ ወሰድካት፣ አንተ ጠብቃት” እላለሁ፣ ደረቴ ቀለል ይለኛል። እሱስ ለማን ይላል? ይህ ያሳስበኝ ጀመር። ትንሿ ልጅ እናቷ የት እንዳለች ስትጠይቀው፣ “አያትሽን ጠይቂ፣ የእኔ መልስ ለአንቺ ይከብዳል” ብሎ ወደ እኔ ሰደዳት። ሰማይ ቤት ናት አልኳት። አላፈረሰብኝም።

ከአርባዋ በኋላ ወደ አይሱዙው መቆሚያ ሲሄድ አይቼ ተከተልኩት።

“የለችም ካልክ ማንን ትጠብቃለህ?”

“ማንንም፣ እማማ። በዚህ ሰዓት ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነው። እርስዎ ገና ይጠብቋታል፤ እኔ ጠብቄ ጨርሻለሁ።”

ተናደድኩ። ልጄን ዳግመኛ ማየት አትፈልግም ወይ ብዬ ጮህኩበት።

“እፈልጋለሁ። መፈለጌ ግን አያመጣትም” አለ። ያኔ አለቀሰ፣ ሹፌሮቹና ወዛደሮቹ ሁሉ እያዩት። ነጠላዬን ሰጠሁት፤ ፊቱን ሸፈነበት።

ከዚያ ወዲያ ዳኛውን አልለቀቅኳቸውም። በእድሩ ስብሰባ እጄን አወጣለሁ፦ ይህ ሰው መቃብራችሁን ቆፍሯል፣ ድንኳናችሁን ተክሏል፣ ለምን ዘለላችሁት? ዳኛው የዛሬ አጀንዳ አይደለም ይላሉ። ሴቶቹ “የአሜኗ ሴትዮ ተነሣች” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እሱ ራሱ እንድተወው ለመነኝ። በልጄ ለቅሶ የተሠራ በደል ነውና አንተ ብትተወውም እኔ አልተወውም አልኩት።

ድርቅ የጠናበት ዓመት ውሃ በቦቴ ይመጣልን ነበር። ጄሪካን ይዤ ስሰለፍ ከፊቴ የቆሙት ዳኛው ሆኑ። እዚያ አጀንዳ የለም፣ ወረፋውን ጥለውም አይሄዱ።

“አንቱ፣ ዛሬስ ይንገሩኝ” አልኳቸው። “ያን ሰው ለምን ዘለሉት?”

ጄሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። ወረፋው ወደፊት ሲንቀሳቀስ እንኳ አላነሡትም።

“እትዬ፣ በክፋት አይደለም” አሉኝ። “ለሐዘንተኛ የማውቀው ያችን ‘እግዚአብሔር ያጽናችሁ’ የምትለዋን አንዲት ቃል ነው፤ አባቴም የሚሏት እሷኑ ነበር። እሱ ‘አሜን’ ብሎ አልተቀበለኝም። ሌላ የምለው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ማጣቴን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ አለፍኩት።”