ከጽሑፉ ፊት ለፊት ያለው በር

እትዬ ካውያን በስማቸው የሚጠራ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልቀረም ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ላውንደሪ ቤት ቆመው የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ግን በሥራቸው ብቻ አይደለም። የተጨማደደ ነገር አይወዱም፤ ኮሌታም ይሁን ሰው ተጫን አድርገው ካላቃኑት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሰፈሩ ወንዶች ሞቅ ብሏቸው ሲመጡ በእሳቸው ደጅ ላለማለፍ ዞረው ነበር የሚሄዱት።

ያለ አባት ያሳደጉት አንድ ልጅ ነበራቸው። ማስታወቂያ ቤት ይሠራል፤ የፀጉር ቤቱም የመድኃኒት ቤቱም ታፔላ የእሱ እጅ ነው። ለጠባዩ እንከን የማይወጣለት ልጅ ነበር፤ ማምሸት ብቻ ይወዳል። እናቱ ደግሞ ራት ከተበላ በኋላ ቁልፉን ሁለቴ ያዞራሉ። ደጅ ያደረ ልጅ ይማራል ባይ ናቸው። ልጁ አንዳንድ ቀን የቀለም ጣሳ ተንተርሶ ሥራ ቦታው ያድር ነበር።

አንድ ጠዋት ሰፈሩ ሲነቃ፣ ከእትዬ ካውያ በር ትይዩ ባለው የመጋዘን ግድግዳ ላይ፣ በቀይ የዘይት ቀለም፣ ሰው ሰው የሚያካክሉ ፊደሎች ተጽፈው አገኘ። «እማዬ በሩን አትቆልፊብኝ» ይላል።

ሰፈርተኛው በሳቅ ሞተ። እትዬ ካውያ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ባልዲና ብሩሽ ይዘው ወጡና ፈተጉት፤ ቀለሙ ግን ፍንክች አላለም። ልጁ ያለበትን ያውቃሉ፤ ሁለት መንገድ ተሻግረው ሊያነጋግሩት ይችሉ ነበር። «በአፉ ይለምነኝ» አሉ። በዚያም ምሽት ቁልፉን ሁለቴ አዞሩት። በሩ ከውጭ ሲገፋ ሰምተዋል፤ አንዴ ብቻ ነው የተገፋው። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሁለተኛውን ጠበቁ፤ ቢደግም ሊነሡ ነበር። አልደገመም።

በማግሥቱ ማስታወቂያ ቤት ሲሄዱ ባለቤቱ ልጁ በጠዋት ሻንጣውን ይዞ በጭነት መኪና መሄዱን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮህ አለ። ድንበር ተሻገረ ያለም ነበር፤ ባሕር ገባ ያለም ነበር። እትዬ ካውያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ አልነኩም። ሌባ ገብቶ ራዲዮናቸውን ወሰደ፤ አልቆለፉም። ሰካራም ቤቱ መስሎት ገብቶ ወለሉ ላይ አደረ፤ ጠዋት ሻይ አጠጥተው ሸኙት እንጂ አልቆለፉም።

ጽሑፉን በበኩሉ ከተማው ወደደው። እንዴት እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ የታክሲ ረዳቶች የፌርማታ ስም አደረጉት፤ «አትቆልፊብኝ ወራጅ አለ» ይባል ጀመር። ቀጥሎ ተመራቂው ከነጋውኑ፣ ሙሽራው ከነሚዜው እየመጡ ከሥሩ ፎቶ ይነሡ ጀመር። ቲሸርት ላይ ታተመ፤ ብርጭቆ ላይ ታተመ። ሁሉም የራሱን እናት እያሰበ ያነበዋል፤ የትኛው በር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፎቶ አንሺው ጽሑፉን በሙሉ ለማስገባት ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለበት። ሲያፈገፍግ፣ ሲያፈገፍግ፣ ያልተቆለፈው በር ይከፈትና እትዬ ካውያ ቤት በቂጡ ይቀመጣል። አንሥተው አቧራውን ያራግፉለታል፤ ይቅርታ ብሎ ይወጣል።

ይህን የመንገዱን ጥበት ነበር ማዘጋጃ ቤቱም ያየው። እንዲህ ያለ ቅርስ በጠባብ መንገድ ታፍኖ መቅረት የለበትም ተባለና በጽሑፉ ትይዩ ያሉት ቤቶች ፈርሰው የእናቶች አደባባይ ሊሠራ ተወሰነ። በስብሰባው ላይ እትዬ ካውያ ተነሡ።

«ጽሑፉ እኮ የሚለው ስለ እኔ በር ነው» አሉ። «በሩን ካፈረሳችሁ ጽሑፉ ማንን ነው አትቆልፊብኝ የሚለው?»

ተጨበጨበላቸው። ኃላፊው በንግግራቸው ልባቸው እንደተነካ ተናገሩ። ቤቱ ከሌሎቹ ጋር ፈረሰ።

ከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጧቸው። በሩ ሲዘጋ ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ዓይነት ነው፤ እንዳይዘጋ ፎጣ አጥፈው ከሥሩ ይወትፋሉ። ግን ማን ሊመጣ? ልጁ ቢመለስ የሚመጣው እዚያው የድሮው ሰፈር ነው። የገዛ ጽሑፉን ያነባል፣ ዞር ይላል፣ ሣርና አግዳሚ ወንበር ያያል። ይህ ሐሳብ ምግብ ከለከላቸው። በመጨረሻ ትንሽ ጣሳ ቀይ ቀለም ገዝተው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሄዱና ከልጃቸው ጽሑፍ ሥር በትናንሽ ፊደል ቤት መቀየራቸውን ከነሕንፃው ቁጥር ጻፉለት። በሳምንቱ ሲመለሱ ታጥቦ ጠፍቷል። እንደገና መጻፍ ሲጀምሩ የአደባባዩ ጥበቃ ደረሰባቸው።

«እማማ፣ እዚህ ላይ መጻፍ ክልክል ነው።»

«የጻፈው ልጄ ነው። አድራሻዬን ልተውለት ብዬ ነው።»

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«አይቀየሙኝ» አላቸው። «እናቱ ነኝ ብለው የሚመጡት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሁሉም ያለቅሳሉ። ሁሉም አድራሻ ይጽፋሉ፤ የማጥበው እኔ ነኝ።»

እትዬ ካውያ ብሩሹን አስረከቡት። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት።

«እንግዲያው አደራ። አንድ ልጅ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ የቤቴ በር ወደነበረበት ዓይኑን ተክሎ ሲቆም ካየህ፣ እሱ ነውና እናትህ አለች በልልኝ።»

ጥበቃው አቀርቅሮ የጣሳውን ክዳን ሲገጥም ቆየ።

«እማማ» አለ፤ «ፎቶ ሲነሣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚቆመው።»