የጾም ሙቀጫው እና የናሙዎንጎ አፈር

የአንድ ሙቀጫ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋም ንብረት የለም። ግን አንዲት ሴት በእኔ የተነሳ ጎደሬዋን በሙሉ ልትነቅል ደርሳ ነበርና እጽፈዋለሁ።

የአንደኛ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ በዩኒቨርሲቲያችን የጂኦሎጂ ላብራቶሪ እንድረዳ ተፈቀደልኝ። የምንመረምረው ናሙዎንጎ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለው የፍሳሽ ቦይ ዳር የሚወሰድ አፈር ነበር። አፈሩ ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይልማል፣ በመጭመቂያ ተጠፍጥፎ ክብ ብስኩት ይመስላል። ከዚያ ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የሚሉት መሣሪያ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ጨረር ሲለቅበት አፈሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጨረር ይመልሳል፤ ብረቱም መዳቡም በመልሱ ይታወቃል። ሥራውን ቶሎ ለመድኩት፤ እጄም ጥንቁቅ ነው ይሉኝ ነበር።

አፈር ስንወስድ ባለማሳዋ፣ ጎደሬ የምታለማ ጠና ያለች ሴት፣ መቆፈሪያዋን ተደግፋ ታየን ነበር።

«ልጄ፣ ወሳጁ ብዙ ነው፤ መልስ ይዞ የመጣ ግን የለም» አለችኝ።

«እኔ አመጣለሁ፣ ማማ።»

«ካመጣሽ እውነቱን አምጪ። የተበላሸ ከሆነ እነቅለዋለሁ። የልጅ ልጆቼ የሚበሉት እሱን ነው።»

የእሷን አፈር የምፈጭበት ቀን ሲደርስ መፍጫውን ትልልቆቹ ተማሪዎች ያዙት። መጠበቅ እችል ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ጨርሼ መምህራችንን ለማስደሰት ስል ከአፈሩ ግማሹን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ምግብ ቤት አላት። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ በጾም ደግሞ ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ማማሰያው ሁሉ የተለየ ነው። ቅቤ የነካው ማንኪያ ወደ ጾሙ በኩል ዝር አይልም። ከጾሙ ዕቃዎች መሃል እናቴ ካትዌ ከሚባለው የብረታ ብረት ሠሪዎች ሰፈር ያሠራችው ቢጫ፣ ከባድ የናስ ሙቀጫ አለ። በቤታችን ከእሱ የነጻ ዕቃ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሦስቴ አጥቤ አፈሩን አላምኩበት፤ ከዚያም መልሼ አጠብኩት።

ውጤቱ ሲወጣ መዳብና ዚንክ ከጎረቤት ማሳዎቹ ሁሉ በላይ ተሰቅለዋል። የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ስክሪኑን አይቶ፣ «ይሄ አፈር ነው ወይስ የበር እጀታ?» አለ። መምህራችን ግን፣ «ለማንም ከመናገራችን በፊት እንደገና ይለካ» አሉ። ለካሁት። ያንኑ ብስኩት ነበር የለካሁት፤ ያንኑ ቁጥር ሰጠኝ። ቃሌን ለመጠበቅ ቸኩዬ ለሴትዮዋ ሄጄ አፈሯ ተበክሏል ብዬ ነገርኳት። «በሚቀጥለው ሳምንት እነቅለዋለሁ» ብቻ አለች።

በማግስቱ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ልትወቅጥ ስትል ሙቀጫውን ወደ ብርሃን አዘነበለችው።

«አንቺ፣ ይሄን ምን ወቀጥሽበት?»

«አፈር። አጥቤዋለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«በጾም ዕቃዬ ጭቃ! ማጠብሽ ምን ሊረባኝ? ታቹን እዪው፣ ፍቀሽ ፍቀሽ እንደ መስታወት አብርተሽዋል። የተፋቀው የት የገባ መሰለሽ? አዲስ እያለ ሽንኩርቴን አረንጓዴ ያደርግብኝ ነበር፤ ስንት ቀን ጨው ወቅጬበት ነው የተወኝ።»

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬ ለፈተና ጽፌዋለሁ።

ጠዋት ሙቀጫውን ታቅፌ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላብራቶሪ ደረስኩና ሁሉንም ተናገርኩ። መምህራችን አልተቆጡም፤ «አሳዪኝ» ብቻ አሉኝ። ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ለሁለት ከፈልኩ። አንዱን በላብራቶሪው የድንጋይ ሙቀጫ፣ ሌላውን በእናቴ የናስ ሙቀጫ ፈጨሁት። በድንጋዩ የተፈጨው ላይ መዳብም ዚንክም አልታየም፤ በናሱ የተፈጨው ላይ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«ኬሚስቷ እናትሽ ናቸው» አለ ቴክኒሺያኑ። «አንቺ ገና ተላላኪያቸው ነሽ።»

የተረፈውን የሴትዮዋን አፈር በድንጋዩ ፈጭቼ ለካሁት። ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ሆነ። መምህራችን፣ «ሂጂ ንገሪያት፤ ግን መሣሪያው ያየውን ብቻ። ጎደሬውን ራሱን ገና አልመረመርነውም» አሉኝ።

ስደርስ ያለችውን ሳምንት ሳትጠብቅ አንድ ረድፍ ነቅላ ሁለተኛውን ጀምራለች።

«ማማ፣ ተዪው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መዳቡ የመጣው ከእናቴ ሙቀጫ ነው።»

መቆፈሪያዋን አቆመችና አየችኝ። «አፈሬን በወጥ ቤት ዕቃ ወቅጠሽ ነው ስታስለቅሺኝ የሰነበትሽው?»

«አዎ።»

ሳቋ ሲመጣ መቆፈሪያውን ጥላ ተቀመጠች። መምህራችን ያሉትንም ሳላስቀር ነገርኳት። ከተነቀሉት ሁለት ጎደሬ መርጣ ሰጠችኝ። «እንግዲያው እነዚህንም መርምሪልኝ። በድንጋዩ ግን!»

ጫማዬን አውልቄ የነቀለችውን ረድፍ አብረን መልሰን ተከልን። ቀኑ ነሐሴ አሥራ ስድስት ነበር፤ ፍልሰታ የተፈታበት ዕለት።