ልብስ አጣቢዎቹ ንግሥቶች

የተያዝኩት ጁባ ታውን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ተውኔት ለስድስት ሰው ላባዛ ሄጄ ማሽኑ ገና ሦስተኛውን ገጽ ሲተፋ፣ ከኋላዬ የቆመ ሰው ወረቀቱን አነሣው። ፊደሉን አላወቀውም። በእስክሪብቶ የተሰመሩትን ቀስቶች ግን አየ።

«ካርታ ነው?» አለኝ በዓረብኛ።

«ድራማ ነው።»

አላመነኝም፤ የጸጥታ ሰው ኖሮ ይዞኝ ሄደ። ደቡብ ሱዳን ትገንጠል አትገንጠል የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ወራት ቀርተውት ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚጠራጠርበት ጊዜ።

የታሰርኩባት ክፍል ቆርቆሮ ለበስ ናት። መሬቱ ሲሚንቶ፣ ጥጉ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ። አራት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አረቄ ስታወጣ ተይዛ የገባች መበለት ነበረች።

«ያ ሀበሺያ፣ ምን ሰርቀሽ ነው?» አለችኝ፤ አንቺ ሀበሻ ማለቷ ነው።

«ወረቀት ይዤ ነው።»

«የሰረቅሽው ወረቀት ነው?»

«የማነበው።»

«ብትጠጪ ይሻልሽ ነበር» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያኔ በአንድ የግንባታ ድርጅት የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሆነን በድርጅቱ ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ተውኔት እናጠና ነበር። መምህራችን አዲስ አበባ ያደገ የደቡብ ሱዳን ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። በመጀመሪያ የጥንቶቹን አሳዛኝ ተውኔቶች አስነበበን። ቀጥሎ እነሱን ገልብጦ የሚያስቅ አዲስ ተውኔት ሰጠን። ይህኛው የሚጀምረው የድሮዎቹ በሚያልቁበት ነው። ንጉሡ ይወድቃል፤ ከዚያ የሞቱት ነገሥታት ሚስቶች ወንዝ ወርደው ደም የነካውን ልብስ እያጠቡ ባሎቻቸውን ያማሉ። የእኔ ድርሻ ትልቋ ንግሥት ነበረች። መምህራችን የቤት ሥራ ሲሰጠን፣ «ሳቁ የት ላይ እንደሚቆም ፈልጋችሁ አምጡ» አለን። ሁለት ሳምንት ፈልጌ አጣሁት።

በገጾቹ ዳር ያለው የመድረክ መመሪያና ቀስት የእሱ እጅ ጽሕፈት ነበር። በአደባባይ በተናገረው ነገር ሁለት ጊዜ ታስሯል። ሦስተኛው እንደማይቀልለት ሁላችንም እናውቃለን።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ተረኩላቸው። አንዲት ንግሥት፣ «የእኔ በመርዝ ነው የሞተው» ስትል ትልቋ፣ «ታድለሽ! የመርዝ ሟች ልብስ አያስቸግርም» ትላታለች። እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። ዘበኛው በሩን በዱላ መታ። መበለቷም ከልቧ ሳቀች፤ ቆየት ብላ ግን ዓይኗን ጠረገች።

«የእኔን ባል በጦርነቱ ከወደቀበት ነው የቀበሩት» አለች። «ልብሱን ባጥብ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። የቤት ሥራዬን እዚያ አገኘሁት።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። የሚመጣልን ምግብ የደረቀ ዓሣ መረቅ የፈሰሰበት አሲዳ ነው፤ የማሽላ ገንፎ ማለት ነው። መበለቷ መረቁ ያልነካውን ጫፍ ቆርሳ ታስቀምጥልኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ መኮንን አለ። አጠገቡ ጠጉሩ የሸበተ ሳጅን፤ ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ አማርኛ የሚያነብ። ሳጅኑ ዳር ዳር ያለውን እያነበበ ተረጎመ።

«ንጉሡ እዚህ ይወድቃል። ሕዝቡ ከቀኝ ይገባል። መብራት ይጠፋል።»

መኮንኑ አንድ በአንድ ጻፈ። «መብራቱ የሚጠፋው መቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ» አልኩ።

ሳጅኑ ከንፈሩን ነከሰ።

«ንጉሡ ከወደቀ በኋላስ ምን ታቅዷል?»

«ሚስቱ ልብሱን ታጥባለች።»

«ከላም ፋዲ!» ብሎ መኮንኑ ጠረጴዛውን መታ፤ ባዶ ወሬ ማለቱ ነው። «ይህን የጻፈው ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ሳጅኑ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በአማርኛ አንሾካሸከ። «እትዬ፣ አላውቀውም ይበሉ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት። ልጆች አሉዎት አይደል?»

«ሁለት።»

«እንግዲያውስ!»

ልጆቼ ጎረቤት ቤት ነበሩ። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰውየው ለእኔ አዝኖ እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ «አላውቀውም» ያለውን በየዓመቱ በሕማማት ቆሜ እሰማለሁ።

«አውቀዋለሁ። ስሙን ግን አልናገርም» አልኩት።

ሳጅኑ ወደ መኮንኑ ዞሮ፣ «አታውቀውም» ብሎ ተረጎመ።

ያን ያህል ዓረብኛ አያቅተኝም። ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩና በራሴ ዓረብኛ ለመኮንኑ፣ «አውቀዋለሁ። አልናገርም። እንዲህ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ሳጅኑ ዓይኑን ጨፈነ። መኮንኑ አተኩሮ አየኝ። ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ።

«ፈርሚ።»

መጀመሪያ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ያልኩት ነው። ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ዘጠኝ ቀን ጨመሩብኝ። ፍልሰታን የፈታሁት እዚያው ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ዋስ ሆኖ ሲያስፈታኝ፣ መምህሬ መያዜን በሰማበት ቀን የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከከተማው ማዶ ባለው በጉምቦ መንደር በኩል ከአገር መውጣቱን ነገረኝ። እየሄድኩ ሳለሁ መንገድ ዳር ቆሜ ጸለይኩ። የእሑዱን ጥናት ከዚያ በኋላ እኔ ቀጠልኩ። ለአምስቱም የነገርኳቸው የመጀመሪያ ነገር መበለቷ ያለችውን ነው።

ትንሿ ልጄ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አንዳንዴ ትሞግተኛለች።

«እማዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። ብትያት ምን ነበረበት? ዘጠኝ ቀን አለቀስን።»

እውነቷን ነው፤ አልከራከራትም። ላለቀሰችበት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ስለ ቃሉ ግን አልጠየቅሁም።

ያ መዝገብ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ምስጥ በልቶት ይሆናል። በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ የመጋዘን፣ የኪራይ፣ የትምህርት ቤት። እንደዚያኛው እጄ ሳይንቀጠቀጥ የፈረምኩበት የለም። ተመስገን።